«ወተቴ አያጠግበውም መሰለኝ»፦ ስለ ጡት እና ስለ ቆርቆሮ ወተት የጠየቃችሁን

በዚህ ወር የመጡት ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ ጡት እና ስለ ፎርሙላ ናቸው። እኔ በህፃናት ክትትል ክፍል የምሰራ ነርስ ስለሆንኩ በየቀኑ የምሰማው ይሄንኑ ነው፣ ስለዚህ ሌላውን ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ እነዚህን ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሲስተርዬ ሰላም ነው? የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ 3 ሳምንት ሆነኝ፣ ወንድ ነው። ቀን ላይ ደህና ነው ግን ከ11 ሰአት በኋላ እስከ ምሽቱ 4 ሰአት ያለቅሳል፣ ጡቴ ላይ እንደተጣበቀ ነው የሚያመሸው፣ ላስተኛው ስል እንደገና ለቅሶ። ጡቴም እንደ መጀመሪያው ሳምንት አይወጠርም ለስልሷል። አማቴ ወተትሽ ቀጭን ነው አያጠግበውም ቆርቆሮ ይገዛለት ይላሉ። ጎረቤቴ ፓምፕ አውሳኝ ባልበው 30 ሚሊ እንኳን አልሞላም። ፎርሙላ ልጀምርለት? የትኛውስ ይሻላል? (አራስ፣ ከሰሚት)

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ! ቆርቆሮውን ከመግዛትሽ በፊት ሁለት ነገር እንይ፣ ዳይፐሩን እና ሚዛኑን። ህፃን በርቦትም ያለቅሳል፣ ደክሞትም፣ ታቀፉኝ ብሎም፣ ሆዱን ነፍቶትም ያለቅሳል፣ ስለዚህ ለቅሶ ብቻውን ወተት አነሰ አይልም። ሽንት እና ኪሎ ግን አይዋሹም። ልጅሽ በ24 ሰአት ውስጥ 6 እና ከዛ በላይ ጊዜ በደንብ የረጠበ ዳይፐር ካለው፣ ሽንቱ ነጣ ያለ ከሆነ፣ ሲጠባ ሲውጥ ድምፁ ከተሰማሽ እየበላ ነው ማለት ነው። ኪሎውን ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄደሽ አስመዝኚው፣ አራስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይቀንስና ብዙውን ጊዜ በ2 ሳምንቱ የተወለደበትን ኪሎ ይመልሳል፣ ከዛ በኋላ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም እየጨመረ ይሄዳል። የሱ ካርድ ላይ ይሄ ከታየ ወተትሽ በቂ ነው፣ ለአማትሽም ካርዱን አሳያቸው፣ ቁጥር ሲያዩ ብዙ አያቶች ይረጋጋሉ።

የምሽቱ ነገር በጣም የተለመደ ነው። በዚህ እድሜ ብዙ ህፃናት ማታ ማታ ቶሎ ቶሎ ይጠባሉ፣ ጡትም የሚሰራው በተጠባ ቁጥር ነው፣ ስለዚህ እሱ ማታ እየደጋገመ ሲጠባ የነገውን ወተት እያዘዘ ነው ማለት ይቻላል። አሁን ችግሩ የት ጋር ነው የሚመጣው፣ ማታ ስላለቀሰ 60 ሚሊ ፎርሙላ ሲሰጠው ጠግቦ ይተኛል፣ አንቺም ሰላም ታገኛለሽ፣ ጡትሽ ግን ያን ሰአት ስላልተጠባ ማምረት ይቀንሳል፣ በሳምንቱ እውነትም ያንሳል፣ ከዛ «አላልኩሽም» ይባላል። በጣም ብዙ እናት ጡት ያቆመችው በዚህ መንገድ ነው፣ እኔን የሚያሳዝነኝም ይሄ ነው።

የጡትሽ መለስለስ ደግሞ ጥሩ ምልክት ነው፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሚወጥረው ገና መጠኑን ስላላወቀ ነው፣ ከዛ ከልጁ ጋር ይስማማል። ፓምፑም አይመዝንሽ፣ ማሽን እንደ ልጅ አፍ መጥባት አይችልም፣ በተለይ ልጁ ከጠባ በኋላ ከሆነ ያለብሽው 30 ሚሊ ምንም አያሳይም።

አያያዙን ግን እስቲ ዛሬ ማታ ልብ ብለሽ እዪው። አፉ እንደሚያዛጋ ሰው በሰፊው መከፈት አለበት፣ አገጩ ጡትሽን ይነካል፣ የታች ከንፈሩ ወደ ውጪ ይገለበጣል፣ በጡት ጫፍ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ክብ ከላይ በኩል የሚታየው ከታች በኩል ከሚታየው መብለጥ አለበት። ጫፉን ብቻ ከያዘ አንቺን ያቆስልሻል እሱም አያገኝም። ካመመሽ ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አላቅቂውና እንደገና አስይዥው፣ ዝም ብለሽ አትጎትቺው። ሆዱን ነፋው ተብሎ የሚሰጠው ውሃ፣ ስኳር ውሃ፣ የአብሽ ውሃ፣ ግራይፕ ዋተር ምናምን ሁሉ ይቅርበት፣ እስከ 6 ወሩ ሀኪም ካዘዘለት መድሀኒት ወይም ቫይታሚን ውጪ ከጡት ሌላ ምንም አያስፈልገውም፣ ውሃም ጭምር።

ሽንቱ ከቀነሰ፣ ለመጥባት እስኪያቅተው ከደከመ ወይ በ2 ሳምንቱ ኪሎውን ያልመለሰ ከሆነ ግን ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም፣ በዛው ቀን ሀኪም ጋ ሂጂ። ያኔ ፎርሙላ ይጨመርለት ከተባለም ስጪው፣ መድሀኒት እንደማለት ነው፣ ጡቱንም አብረሽ ትቀጥያለሽ። የትኛው ላልሽው፣ ከ0 እስከ 6 ወር የሚል ቁጥር 1 የተፃፈበት ከሆነ ናንም ሆነ ኤስ 26 ወይ ሌላ፣ ዋናው ያልተከፈተ፣ ቀኑ ያላለፈበት እና ነገም ከነገ ወዲያም ልትገዢው የምትችይው መሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 9ኛ ወሯን ይዛለች። እናቴ ለአራስ ጥሪ ከጎጃም መጥታለች፣ እንገሩ ቆሻሻ ነው ታልቦ ይደፋ፣ ልጁ መጀመሪያ ቅቤ ይላስ አንጀቱን ያለሰልስለታል ትላለች። እሷንም ማስቀየም አልፈልግም ባለቤቴም ተጨንቃለች። ምን ላድርግ? (አባት ልሆን ነው)

መልስ፦ ወንድሜ ስለጠየቅክ ደስ ብሎኛል፣ አባቶች ብዙም አይፅፉልኝም። እናትህ ከብት እያረቡ ያደጉ ከሆነ አንድ ነገር ጠይቃቸው፣ ጥጃ እንገር ካልጠጣ ምን ይሆናል? መልሱን ከኔ የበለጠ ያውቁታል። የሰውም እንደዛው ነው፣ ቢጫው ወፍራም ወተት በሽታ የሚከላከል ነገር የታጨቀበት ነው፣ መጠኑ ትንሽ የሆነውም የአራስ ሆድ ትንሽ ስለሆነ ነው፣ ስለዚህ ወተቱ እስኪመጣ ሌላ ነገር እንስጠው የሚባል ክፍተት የለም። ቅቤው ደግሞ ቢያንቀው ወደ ሳንባ ሊገባበት ይችላል፣ ጀርምም ይይዛል፣ ሆዱም ገና አልተዘጋጀለትም።

ልጁ በተወለደ በ1 ሰአት ውስጥ ራቁቱን ደረቷ ላይ ተደርጎ ጡት መያዝ አለበት፣ በኦፕራሲዮን ብትወልድም እሷ ነቃ እንዳለች ይቻላል፣ ይሄን ለአዋላጇ አስቀድመህ ንገራት። እናትህን ደግሞ ስራ አትንሳቸው፣ ቅቤውን ገንፎው ላይ ያድርጉት፣ አጥሚቱን እሳቸው ይስሩ፣ የምታጠባ ሴት ረሀቧ ሌላ ነው፣ ልምዳቸው የሚፈለገው እዛ ጋ ነው። አንተም በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ስር የምትሰራ ከሆነ 3 ተከታታይ ቀን ከነደሞዙ ፈቃድ አለህ፣ ከአመት ፈቃድህ ቀንሰህ ብትጨምርበት ጥሩ ነው። ለሊት ዳይፐር ቀይር፣ ግሳቱን አንተ አስወጣው፣ ለጠያቂ በሩን የምትከፍተውም «አሁን ተኝታለች» የምትለውም አንተ ሁን።

ጥያቄ፦ ባንክ ነው የምሰራው፣ የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ 2 ሳምንት ቀረው፣ ልጄ 3 ወር ሊሞላት ነው እስካሁን ጡት ብቻ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰአት እስከ ማታ 11 አልኖርም። ፎርሙላ ማስለመድ ግዴታ ነው? እኛ ሰፈር መብራት ይጠፋል ፍሪጅ ላይ እምነት የለኝም። (እናት፣ ከጎሮ)

መልስ፦ ግዴታ አይደለም፣ ይቻላል፣ ግን ቀላል ነው ብዬ አልዋሽሽም። ጤና ሚኒስቴርም የአለም ጤና ድርጅትም 6 ወር ጡት ብቻ ይላሉ፣ ህጉ ደግሞ ከወሊድ በፊት 30 ቀን ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው የሚሰጠው፣ መሀል ላይ ያለውን 3 ወር እናትየዋ ብቻዋን እንድትሞላው ነው የተተወችው፣ ይሄ መስተካከል አለበት ብዬ አምናለሁ። አሁን ባለው ግን እንዲህ እናድርግ።

ከዛሬ ጀምረሽ ጠዋት ጠዋት ልጅቷ ከጠባች በኋላ ማለብ ጀምሪ፣ ጠዋት ወተት ይበዛል። በእጅም ይሆናል፣ እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣትሽን ከጡት ጫፉ ራቅ አድርገሽ መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ትገፊያለሽ ከዛ ትጨምቂያለሽ፣ ጫፉን መጎተት አይደለም። በፈላ ውሃ የተዘጋጀ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ቀኑን እና ሰአቱን ፅፈሽ ታስቀምጫለሽ። የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ 4 ሰአት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ ወደ 6 ወር ይቆያል። መብራት ከጠፋ የፍሪጁን በር አትክፈቱት፣ ካልተከፈተ ወደ 4 ሰአት ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ከዛ ካለፈ በበረዶ የታጨቀ ኩለር ውስጥ አዙሪው፣ በረዶው እስካልቀለጠ 24 ሰአት ይበቃዋል። ከፍሪዘር ወጥቶ አንዴ ቀልጦ የሞቀውን ወተት መልሰሽ ፍሪዘር ውስጥ አታስገቢው።

በቀን ወደ 750 ሚሊ አካባቢ ነው በዚህ እድሜ የሚጠጡት፣ ስለዚህ በሌለሽበት ሰአት ከ90 እስከ 120 ሚሊ 3 ወይም 4 ጊዜ ብታስቢ ይበቃል። የምትይዛት ሞግዚት ወተቱን ሙቅ ውሃ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀምጣ ታሙቀው፣ ምድጃ ላይም ማይክሮዌቭም አይሆንም፣ በቡና ሲኒ ቀስ እያለች ብትሰጣት ከጡጦ ይሻላል፣ ሲኒ ለማጠብ ቀላል ነው፣ ልጅቷም ጡቱን አታኮርፍም። ጀምራው የተረፈው ከ2 ሰአት በኋላ ይደፋል። ቢሮ ደግሞ በየ3 ሰአቱ ማለብ አለብሽ፣ ካላለብሽ ይወጥርሽና ይቆስላል ወተቱም ይቀንሳል፣ ስለዚህ ከመግባትሽ በፊት ለአለቃሽ በፅሁፍ አሳውቂ፣ በሩ የሚዘጋ ክፍል ጠይቂ፣ መፀዳጃ ቤት ውስጥ አይታለብም። የአመት ፈቃድ ካለሽም አሁን ጨምሪበት። ይሄ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃ ቀን ላይ አንድ ጊዜ ፎርሙላ፣ ጠዋት ማታ እና ለሊት ጡት፣ እንደዛም ብዙ ልጅ አድጓል፣ ጡቱን ሙሉ በሙሉ አታቁሚ ብቻ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ የ2 ወር ልጄን ግማሽ ጡት ግማሽ ፎርሙላ ነው የማጠባት። ታዋቂዎቹ ብራንዶች ውድ ሆኑብኝ፣ የሱፐርማርኬቱ የራሱ ስም ያለበት በጣም ይረክሳል፣ እሱን ብሰጣት እበድላታለሁ? ቤተክርስቲያን ያሉ እናቶችም ለምን ወተት ከለከልሻት ይሉኛል።

መልስ፦ አልበደልሻትም እህቴ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የህፃን ፎርሙላ በሙሉ በምግብና መድሀኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ የተቀመጠውን የንጥረ ነገር መስፈርት ማሟላት ግዴታው ነው፣ ርካሹም ውዱም፣ ልዩነቱ ብዙው ማስታወቂያ ነው። ገቢሽ የሚፈቅድ ከሆነ ዊክ የሚባለው የመንግስት የእናቶችና ህፃናት ምግብ ድጋፍ ላይ ተመዝገቢ፣ ፎርሙላም የጡት ማጥባት አማካሪም ያገናኙሻል፣ ኢንሹራንስሽ ደግሞ ፓምፕ ይሸፍናል። ስራ ከገባሽ ለ1 አመት የማለቢያ ሰአት የሚሰጥ የፌደራል ህግ በፈረንጆቹ ከ2022 ጀምሮ ተጠናክሯል፣ ኤችአር ጠይቂ። ለልጅሽ የቫይታሚን ዲ ጠብታ 400 ዩኒት በቀን እንደሚያስፈልጋት ከዶክተሯ ጋር አውሪ፣ እዛ አገር ክረምቱ ረጅም ነው ፀሀይ እንደኛ አይገኝም። እቤት ውስጥ ከወተትና ከሽሮፕ የሚቀላቀል ፎርሙላ አሰራር ኢንተርኔት ላይ ካየሽ ግን አትሞክሪው፣ ህፃናት ሆስፒታል ገብተውበታል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ አያት ነኝ፣ ደሴ አካባቢ ነው። ልጄ አረብ አገር ከሄደች ወር አለፋት፣ የ4 ወር ልጇን ለኔ ትታልኝ። ቆርቆሮ ወተት ትልክልኛለች ግን በ5 ቀን ያልቃል፣ ለማብቃቃት ውሃ አብዝቼ ነው የማቀጥነው። የላም ወተት አለኝ፣ ኒዶም ሱቅ አለ። አጥሚትስ ልጀምርለት? (ይሄን የፃፈችልኝ የጎረቤት ልጅ ናት)

መልስ፦ እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ ስለጠየቁኝ፣ የልጅ ልጅ ማሳደግ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቁምልኝ፣ ወተቱን ማቅጠን። ከቆርቆሮው ላይ ከተፃፈው በላይ ውሃ ሲበዛ ልጁ ሆዱ ይሞላል እንጂ አይመገብም፣ ይከሳል፣ ውሃው ሲበዛበት ደግሞ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይወርድና እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርሰው ይችላል። ማወፈሩም ያደርቀዋል፣ ልክ እንደተፃፈው ነው።

ሲያዘጋጁ እንዲህ ነው፣ የጎረቤትዋ ልጅ ታንብብልዎት። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ውሃውን ያፍሉ፣ ከፈላ በኋላ ከግማሽ ሰአት በላይ አያቆዩት፣ ምክንያቱም ዱቄቱ ራሱ ከጀርም ነፃ አይደለም፣ ውሃው ከ70 ዲግሪ ያላነሰ ሙቀት ሲኖረው ነው ጀርሙን የሚገድለው። መጀመሪያ ውሃው ይለካል፣ ከዛ ዱቄቱ በቆርቆሮው ውስጥ ባለው በራሱ ማንኪያ፣ ማንኪያውን ሞልተው በንፁህ ቢላ ጀርባ አናቱን ያስተካክሉ፣ አይጠቅጥቁት፣ አይከምሩት። ስንት ማንኪያ ለስንት ውሃ እንደሆነ ከቆርቆሮ ቆርቆሮ ስለሚለያይ ሁሌ ይነበብ። ከዛ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረው ያብርዱና የእጅዎ አንጓ ላይ ጠብ አድርገው ለብ ማለቱን ይዩ። ልጁ ጀምሮ የተወውን ከ1 ሰአት በላይ አያስቀምጡ። ጡጦ ማጠብ ካስቸገረዎት በሲኒ ይስጡት። 6 ኪሎ ከሆነ በቀን ወደ 900 ሚሊ ይፈልጋል፣ በ6 ጊዜ ሲከፋፈል 150፣ 150 ሚሊ ማለት ነው። ይሄን ለልጅዎ ይንገሯት፣ የምትልከው ቆርቆሮ ስንት ቀን እንደሚያደርስ አስልታ እንድታውቀው፣ እሷም ሩቅ ሆና የምትጨነቀው ለሱ ነው።

የላም ወተት ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ ከባድ ነው፣ አይረን የለውም ማለት ይቻላል፣ ፕሮቲኑ እና ጨዉ ለኩላሊቱ ይበዛል፣ አንጀቱንም ሊያደማው ይችላል። ኒዶም የህፃን ወተት አይደለም፣ የትልቅ ልጅ ዱቄት ወተት ነው። አጥሚቱም 2 ወር ይቆይ፣ ወፍራም ገንፎ በ6 ወሩ ይጀመራል፣ ያኔ እንቁላል እና አትክልት እየገባበት የቆርቆሮው ወጪም ይቀንሳል።

ሌላ መንገድም አለ። ከቤተሰብ ውስጥ የምታጠባ ሴት አለች? አክስቱ ወይ የአጎቱ ሚስት? ፈቃደኛ ከሆነች የኤችአይቪ ምርመራ አድርጋ ጡት ብትሰጠው ከቆርቆሮው ይበልጣል፣ የጡት እናት ማለት ለኛ አገር አዲስ አይደለም። እስላም ከሆናችሁ የጡት ዝምድና ስለሚመጣ በኋላ በጋብቻ ላይ ሀራም ይሆናል፣ ሁለቱ ቤተሰብ መጀመሪያ ይነጋገርበት።

ከሁሉ በፊት ግን በዚህ ሳምንት ጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛዋ ጋ ወይ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፣ ቀጥኖ የቆየ ወተት ስለጠጣ ኪሎው መታየት አለበት፣ ከስቶ ከተገኘ ህክምናው በነፃ አለ። ክትባቱም ያመለጠው ካለ በዛው ይሰጡታል። ተቅማጥ ከያዘው፣ አይኑ ከጎደጎደ ወይ አልጠጣም ካለ አያድሩ፣ ለሊትም ቢሆን ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ቫይረሱ በደሜ አለ፣ መድሀኒት ከጀመርኩ 4 አመት ሆኖኛል። በቅርብ ልወልድ ነው። ጡት ላጥባ ወይስ ከመጀመሪያው ፎርሙላ? ፎርሙላ ከሰጠሁ ደግሞ ሰው ለምን ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ፈራሁ። ስሜ ይቅር።

መልስ፦ አይዞሽ እናቴ። በአገራችን የሚመከረው መድሀኒትሽን በትክክል እየወሰድሽ ጡት እንድታጠቢ ነው፣ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዛ ምግብ እየጨመርሽ ትቀጥያለሽ። መድሀኒት በየቀኑ እየወሰድሽ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ከወረደ በጡት የመተላለፉ እድል ከ1 ፐርሰንት በታች ነው፣ ስለዚህ ከመውለድሽ በፊት ቫይራል ሎድሽን (በደምሽ ያለውን የቫይረስ መጠን) አስለኪ፣ ውጤቱን ይዘሽ የክትትል ነርሷን አማክሪ። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ጡትና ሌላ ነገር አትቀላቅዪ፣ ጡትሽ ከቆሰለ ወይ ካመረቀዘ ያን በኩል እያለብሽ ደፍተሽ በሌላው ጡት አጥቢው፣ በቶሎም ታከሚ። አንድ ቀን መድሀኒት ቢያልፍሽ አትደብቂ፣ ንገሪያቸው። ልጁ እንደተወለደ ቫይረሱ እንዳይዘው የሚከላከል የኔቪራፒን ሽሮፕ ይጀመርለታል፣ እንደ ሁኔታሽ ሌላ መድሀኒትም ሊጨመርለት ይችላል፣ በ6 ሳምንቱ ደግሞ ከተረከዙ ደም ተወስዶ ይመረመራል፣ ውጤቱ ነፃ ቢሆንም ጡት እስካለ ድረስ ክትትሉ ይቀጥላል፣ ጡት ካቆምሽ በኋላም የመጨረሻ ምርመራ አለው።